በሬው ተሸጠ፤ ብሩ በምን ይግባ? የገበያ ገንዘብን ቤት የማድረሻ መንገዶች ሲነጻጸሩ

አባቴ አንድ ዓመት ለፋሲካ ሁለት ሰንጋ ሸጦ ሲመለስ ተዘረፈ። ቤት ለመድረስ የቀረው የግማሽ ሰዓት መንገድ ነበር። ወንዙን ተሻግሮ ዳገቱን ሊጀምር ሲል ሦስት ጎረምሶች ከቁጥቋጦ ወጡበት። የያዙት ዱላ ብቻ ነው። አንደኛው "አባባ፣ የግራውን ፍታ" አለው።

የግራውን! ብሩ ከጋቢው ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ በግራ ጎኑ ታስሮ ነበር። ይህን ቁጥቋጦ ውስጥ ተቀምጦ ማወቅ አይቻልም። ገበያው ውስጥ አጥር ተደግፎ ሲቆጥር፣ ከዚያም ዞር ብሎ ወገቡ ላይ ሲያስር ቆመው አይተውታል።

ከዚያ ወዲህ እኔና ወንድሞቼ ያልሞከርነው የለም። ባንኩንም፣ ቴሌብሩንም፣ አደራውንም አይተነዋል። ሁሉም የየራሱ ጥቅምና የየራሱ ጣጣ አለው። ይህን የምጽፈው ከብት፣ ቡና፣ ሰሊጥ ወይም ማር ሸጠው በእግር ለሚመለሱ ነው። ከከተማ ሆነው "አባባ ዛሬ ገበያ ወጥቷል፤ ገባ ይሆን?" እያሉ ስልክ ለሚደውሉ ልጆችም ነው።

መጀመሪያ መመዘኛው

ብዙ ሰው "ባንክ ይሻላል ወይስ ቴሌብር?" ብሎ ይጀምራል። እኔ ጥያቄዎቹ ይቅደሙ ባይ ነኝ። ጥያቄዎቹ ከተለዩ ምርጫው ራሱ ይቀላል።

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ "ማን አየ?" የሚለው ነው። በከብት ገበያ ዋጋ ሚስጥር አይደለም። ደላላው ጮክ ብሎ ነው የሚያገበያየው። በዙሪያው የቆመ ሁሉ ሰንጋው ስንት እንዳወጣ ያውቃል። ስለዚህ ልንደብቀው የምንችለው ዋጋውን ሳይሆን ብሩ የገባበትን ነው። ዘራፊው ሥራውን ጨርሶ የሚመጣው ከገበያ ነው፤ መንገዱ ላይ የሚጠብቀን ለመቀበል ብቻ ነው። አባቴ የተዘረፈው ወንዙ ዳር ነው ይባላል እንጂ፣ ለእኔ የተዘረፈው አጥሩ ሥር ሲቆጥር ነው።

ሁለተኛው፣ መንገድ ላይ ቢይዙን ምን ያህል ይሄዳል? ሁሉም ወይስ የሻይ ብር? ሦስተኛው፣ የተቀበልነው ገንዘብ እውነተኛ ነው ወይ? ሐሰተኛ ኖትም አለ፣ ሐሰተኛ የስልክ መልእክትም አለ። አራተኛው፣ በፈለግነው ቀን እናገኘዋለን ወይ? እሑድ፣ በበዓል፣ ኔትወርክ በጠፋ ጊዜስ? አምስተኛው፣ ባለቤቱ ራሱ ያዝበታል ወይስ በሰው እጅ ነው? ማንበብ ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። የመጨረሻው፣ ስንት ብርና ስንት ሰዓት ያስወጣል?

ብቻን ሆኖ ጥሬ ብር ታጥቆ መመለስ

የለመድነው ይህ ነው። ክፍያ የለው፣ ኔትወርክ አይጠይቅ፣ ፊደል አይጠይቅ። ብሩ ዛሬውኑ እጅ ላይ ነው። አባቴ እንደሚለው "የነካሁት ነው የኔ"።

በመመዘኛችን ግን ከሁሉም የሚወድቀው እሱ ነው። ከተያዝን ሁሉም ይሄዳል። ድሮ ትልቁ ኖት ባለ 100 ነበር፤ 80,000 ብር 800 ኖት ነው፣ ይወፍራል፣ ለመያዝም ለመደበቅም ያስቸግራል። በመስከረም 2013 ባለ 200 ከወጣ ወዲህ ያው ገንዘብ 400 ኖት፣ አራት እስር ብቻ ሆኗል። ለእኛ ቀለለ፤ ለሚቀማም ቀለለ።

ሌላ አማራጭ ከሌለ እንዲህ አድርጉ። ገበያው መሐል አትቁጠሩ። የምታውቁት ሱቅ ውስጥ ወይም ዘመድ ቤት ገብታችሁ ቁጠሩ፤ ኖቱን ወደ ብርሃን ይዛችሁ ጥላ ምስሉንና የደህንነት ክሩን እዩ። የሻይና የመኪና ብር ለብቻው በቀላሉ የሚወጣ ኪስ ውስጥ ይሁን። አሥር ብር ለማውጣት እስሩን የፈታ ሰው ለመላው መናኸሪያ አሳየ ማለት ነው። ጠላ ቤት ጎራ ማለት ይቅር። ፀሐይ ሳለ ግቡ። ዘወትር በአንድ መንገድ አትመለሱ።

ቤት ከደረሰ በኋላም ጣጣው አያልቅም። ምስጥ አለ፣ እሳት አለ። በ2013 የብር ለውጥ ጊዜ የድሮውን 10፣ 50 እና 100 ለመቀየር የተሰጠው ሦስት ወር ነበር። መሬት ቆፍሮ የቀበረ ሰው ያን ጊዜ ምን ያህል እንደተሯሯጠ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ።

በጓድ መመለስ

ገንዘብ የማያስወጣ፣ ስልክ የማይጠይቅ፣ አያቶቻችንም ያውቁት የነበረ መንገድ ነው። እኔ በጣም እወደዋለሁ። ዱላ የያዙ ሦስት ጎረምሶች ስድስት ሰው ላይ ለመውጣት ያመነታሉ።

ነገር ግን ብዙዎች የሚሳሳቱበት አንድ ቦታ አለ። አባቴም ያን ቀን ብቻውን አልነበረም። እስከ መንታ መንገዱ ከአራት ጎረቤት ጋር ነው የመጣው። እነሱ ወደ ግራ ታጠፉ፤ እሱ ወደ ወንዙ ወረደ። የጠበቁት ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ነው። ጓድ ማለት እስከ ደጃፍ ድረስ ነው። ካልሆነ ከቤት አንድ ልጅ ወይም ጎረቤት መንታው ላይ ወጥቶ ይጠብቅ። እኛ አሁን የምናደርገው ይህንን ነው። ታናሽ ወንድሜ ባትሪና ውሻ ይዞ ወፍጮ ቤቱ ጋ ይቆማል፤ ጉዳዩ በዚያው ተፈታ።

ቀጠሮውን ጠዋት፣ ገና ስትወጡ ያዙ። "ስምንት ሰዓት እዚህ ዛፍ ሥር" ይባል። ካልሆነ ከብቱ የዘገየበት ሰው ተጥሎ ይቀራል። ደግሞ አብራችሁ የሚመለሰውን ሰው ምረጡ። በገበያ ቀን ጠዋት የተዋወቃችሁት "እኔም በዚያ ነው የምሄደው" ያለ ሰው ጓድ አይደለም።

ባንክ ማስገባት

መንገድ ላይ የሚጠፋ የለም። ሐሰተኛ ኖት ካለ ቆጣሪው ማሽን ይለየዋል። ለትልቅ ገንዘብ ይህን የሚያህል የለም።

የሚያዋጣው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው። አንደኛ፣ ገበያው የዋለበት ቀን ባንክ ክፍት መሆን አለበት። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ ይመቻል። የሰንበቴ ገበያ ደግሞ እሑድ ነው፤ አብዛኛው ቅርንጫፍ በዚያ ቀን ዝግ ነው። ሁለተኛ፣ ሂሳቡ አስቀድሞ የተከፈተ መሆን አለበት። አሁን ሂሳብ ለመክፈት የፋይዳ መታወቂያ ይጠየቃል። በሬው በተሸጠበት ቀን ለምዝገባ ሰልፍ መያዝ አይሆንም። ክረምት ላይ ሥራ ሲቀዘቅዝ ጨርሱት።

ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ገዢውን ይዞ ባንክ መግባት ነው። ገንዘቡ እዚያው መስኮቱ ላይ ይቆጠር፣ እዚያው ይግባ። ገዢው "ጊዜ የለኝም" ካለ ሌላ ገዢ አለ። ከባንክ ባዶ እጅን መውጣትን የመሰለ እፎይታ የለም።

አደጋው ታዲያ ወዴት ሄደ? ወደምናወጣበት ቀን ተዛወረ። ዘራፊ ባንክ በር ላይም ይቆማል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ አታውጡ፤ የምትከፍሉት ሰው ሂሳብ ካለው ከሂሳብ ወደ ሂሳብ ይተላለፍ። ከከተማ ብር አውጥታችሁ የምትወጡ ደግሞ ከባንክ በር ላይ "ና ግባ" የሚል የማታውቁት ሚኒባስ ውስጥ አትግቡ። ሿሿ የሚባሉት የሚኒባስ ሌቦች የሚሠሩት እንዲህ ነው፤ ከሹፌር እስከ ተሳፋሪ ሁሉም የእነሱ ሰው ይሆናል።

"ሲስተም የለም" የሚባልበት ቀንም አለ። ያን ቀን ብሩን ይዞ መመለስ ወይም እዚያው ዘመድ ቤት ማደር ነው። እኔ ማደርን እመርጣለሁ።

በስልክ መቀበል

ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ነው። አሁን ሲቢኢ ብርም፣ ኤምፔሳም አለ። ብዙ ሰው ትልቅ ስልክና ኢንተርኔት የሚጠይቅ ይመስለዋል። አይጠይቅም። ባለ ቁልፏ ትንሿ ስልክ ላይ *127# ብሎ ቴሌብርን፣ *847# ብሎ ሲቢኢ ብርን መክፈት ይቻላል። እሑድ ሆነ ሰኞ አይልም፤ ብሩን ማንም አያይም፤ ወገባችን ባዶ ነው። የሰንበቴን ዓይነት የእሑድ ገበያ ለሚውል ሰው ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ግን ይህ መንገድ ዱላ የያዘውን ሌባ አስወግዶ ምላስ ያለውን ሌባ ያመጣል። ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው ሐሰተኛ መልእክት ነው። ገዢው ስልኩን ያሳይና "ይኸው ላክሁ" ይላል። ወይም "ገባልዎት" የሚል ጽሑፍ ከግል ቁጥር ይመጣል። የገዢው ስልክ ማስረጃ አይደለም፤ የመጣልን መልእክትም ማስረጃ አይደለም። ማስረጃው በራሳችን ስልክ፣ በራሳችን የሚስጥር ቁጥር ከፍተን ያየነው ቀሪ ሂሳብ ነው። ከመሸጡ በፊት ስንት እንደነበር እዩ፤ ከተላከ በኋላ ደግማችሁ እዩ። ሂሳቡን ሳታዩ ገመዱን አትልቀቁ። ኔትወርክ ከሌለ በሬውም አይሄድም።

ሁለተኛው "ተሳስቼ ልኬብዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ" የሚለው ነው። ቀሪ ሂሳባችን ካልጨመረ የተላከ የለም። ቢጨምርም በራሳችን እጅ ከመመለስ ወደ ድርጅቱ መደወል ይሻላል። ሦስተኛው "ከቴሌ ነው የምደውለው፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩኝ" ይላል። ቁጥሩን የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው። በቃ።

ሌላው ጣጣ የሚስጥር ቁጥሩ ራሱ ነው። ገጠር ውስጥ ብዙ ሰው ስልኩን ለሱቁ ልጅ ሰጥቶ "አስገባልኝ" ይላል፤ ቁጥሩንም አብሮ ይነግረዋል። አባቴን ሳስተምረው ምርጊቱ የተነሳ የቤታችን ግድግዳ ሥር ተቀምጠን ነበር። "አባዬ፣ ቁጥሩን ለኔም አትንገረኝ" አልኩት። "ብረሳውስ?" አለኝ። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉትን ቁጥሮች በከሰል ግድግዳው ላይ ጻፍኩለት፤ ከስልኩ ቁልፎች ጋር እያመሳሰለ ደጋግሞ ነካ። ማታ ላይ ራሱ ሊዘነጋው የማይችለውን ቁጥር መረጠ፣ ፊቱን አዙሮ አስገባ፣ ከዚያ ግድግዳውን አመድ ቀባው። የፈጀብን አንድ ከሰዓት ነው። ልጆች ሆይ፣ ይህችን አንድ ከሰዓት ለወላጆቻችሁ ስጧቸው። ስልክ ገዝቶ ከመላክ ይበልጣል።

በዚህ መንገድ ገንዘብ ማውጣት ግን ይከብዳል። የሰፈር ወኪል ብዙ ጥሬ ብር አይዝም፤ 80,000 ብር በአንድ ጊዜ አምጣ ቢባል ከየት ያመጣል? በቀን የሚንቀሳቀሰውም ጣሪያ አለው፤ ጣሪያው እንደ ምዝገባው ደረጃ ይለያያል። ስለዚህ ከሽያጩ በፊት የራሳችሁን ጣሪያ ጠይቁ። ገንዘቡ ትልቅ ከሆነ ከስልኩ ወደ ባንክ ሂሳብ ይዛወር።

አደራና ዕቃ

ከተማ ውስጥ የታመነ ነጋዴ ጋ ማስቀመጥ የቆየ ልማድ ነው፤ ለአንድ ሌሊት ጥሩ ነው። ለወራት ግን አልመክርም። ነጋዴው ቢሞት ወራሾቹ አያውቁም። ቢያንስ ሁለት ምስክርና አንድ ወረቀት ይኑር፤ "አይተማመኑም ይሉናል" ብላችሁ አትፈሩ።

ብሩን እዚያው ወደ ዕቃ መለወጥም አለ። ሃያ ቆርቆሮ ተሸክሞ የሚሮጥ ሌባ የለም። ጊደር ገዝቶ እየነዱ መመለስም ያው ነው፤ ከብትም ይሰረቃል፣ ግን እንደ ብር ኪስ ውስጥ አይሰወርም። ጥንቃቄው ችኮላው ላይ ነው። ሌባ ፈርቶ በውድ የገዛ ሰው ልዩነቱን ለነጋዴው ሰጠ።

መሣሪያ ስለመያዝ የሚጠይቁኝ አሉ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከዚያም በላይ ግን ጠመንጃው ራሱ ከበሬው ብር የማይተናነስ ዋጋ አለው፤ እሱኑ ለመውሰድ የሚገድሉ አሉ። እኔ ከምርጫው አውጥቼዋለሁ።

በአንድ ዓይን ሲታይ

| መንገድ | ማን ያያል? | ከተያዝን የሚሄደው | ማጭበርበር | እሑድና በዓል | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ብቻን፣ ጥሬ ብር | መላው ገበያ | ሁሉም | ሐሰተኛ ኖት | ይሆናል | የለም |
| በጓድ፣ ጥሬ ብር | መላው ገበያ | ሁሉም፣ ግን የመያዝ ዕድሉ ያነሰ | ሐሰተኛ ኖት | ይሆናል | መጠበቅ ብቻ |
| ባንክ | ገዢውና ገንዘብ ተቀባዩ | የኪስ ብር | በጣም ትንሽ | አብዛኛው ዝግ | ሰልፍ፣ ጉዞ |
| ስልክ | ገዢው | የኪስ ብርና ስልኩ | ብዙ፣ ካልተማሩ | ይሆናል፣ ኔትወርክ ካለ | ሲያወጡ ክፍያ አለ |
| አደራ | ነጋዴውና ምስክር | የኪስ ብር | በሰውየው ይወሰናል | ይሆናል | የለም |
| ዕቃ | መላው ገበያ | ዕቃው፣ ለመዝረፍ የሚከብድ | የዕቃው ጥራት | ይሆናል | ማጓጓዣ፣ የችኮላ ዋጋ |

ለማን የትኛው?

ዶሮ፣ እንቁላል ወይም አንድ በግ ሸጣ ለምትመለስ እናት ጓድ ይበቃታል። ለዚያች ብር ባንክ ሰልፍ መያዝ አይጠበቅባትም።

ሰንጋ በሥራ ቀን ለሚሸጥ፣ ገዢውን ይዞ ባንክ። በእሑድ ገበያ ለሚሸጥ፣ በስልክ ተቀብሎ በጓድ መመለስ፤ ሰኞ ደግሞ ወደ ባንክ ማዛወር። ገዢው "በስልክ አልከፍልም" ካለ ቀብድ ተቀብሎ ቀሪውን ሰኞ ባንክ ውስጥ መጨረስ ይቻላል፤ ከብቱ ግን ቀሪው እስኪገባ ከናንተ ጋር ይቆይ።

ስልክም ሂሳብም ለሌለው፣ ለማግኘትም ለማይችል ሰው ጓድና የቀን ብርሃን ናቸው መሣሪያዎቹ። ብሩን ግማሽ በግማሽ ከልጁ ጋር ተካፍሎ ይያዝ።

ዕድሜያቸው ለገፋ፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ ወላጆች ባንክ ይሻላል። ደብተሩን አንድ ልጅ፣ መታወቂያውን ሌላ ልጅ ይያዘው ብለው የሚከፋፈሉ ቤተሰቦች አሉ። አልወድም። ገንዘቡ የእናትየው ነው፤ ሁለቱም እሷ እጅ ይሁኑ። ልጅ አብሮ ይሂድ እንጂ አይያዝ።

ከሳዑዲ፣ ከቤሩት ወይም ከአሜሪካ ለቤተሰብ የምትልኩ፣ ይህ እናንተንም ይነካል። እናታችሁ ከተማ ወርዳ በጥሬው ተቀብላ ከተመለሰች በሬ ሸጣ ከተመለሰች በምን ትለያለች? በሂሳቧ ይግባ፤ እሷ በየወሩ የምትፈልገውን ብቻ ታውጣ። "ዛሬ ላክሁ" የሚለውን ደግሞ ለእሷ ብቻ ንገሩ። ለአክስት፣ ለአጎት ልጅ፣ ለጎረቤት በየተራ ከተደወለ ቀኑን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ከተያዝን

ስጡ። አባቴ ፈቶ ሰጣቸው፤ ዛሬም አብሮን ቡና ይጠጣል። ሰንጋ በሌላ ዓመት ይደልባል።

የቆሰለ ካለ በቅድሚያ እሱ ይታይ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። በዚያው ቀን ለቀበሌና ለፖሊስ አስመዝግቡ። ያያችሁትን ተናገሩ፤ የጠረጠራችሁትን ስም ግን ሰው ፊት አትጥሩ። በገጠር አንዲት "እሱ ይመስለኛል" የምትል ቃል ደም ታፋስሳለች፣ ቂሙም ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ጥርጣሬያችሁን ለመርማሪው ብቻ፣ ለብቻው ንገሩ።

ስልኩ አብሮ ከሄደ ከጎረቤት ስልክ ወዲያው 994 ደውላችሁ ሲሙን አዘጉ። ቴሌብር ካላችሁ በ127፣ ንግድ ባንክ ሂሳብ ካላችሁ በ951 አሳውቁ። እነዚህን ቁጥሮች ስልኩ ውስጥ ብቻ አትመዝግቧቸው። በወረቀት ጽፋችሁ ቤት ውስጥ፣ ሁሉም የሚያየው ቦታ ላይ ለጥፏቸው፤ ስልኩ ሲሄድ እነሱም አብረው ይሄዳሉና።